ሙሴ ሌዊና የመንዝ ጓሳ

ወደ መንዝ የሚያስኬድ ጉዳይ የሌላችሁ የአዲስ አበባ ሰዎች፣ አትሂዱ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፣ ነፋሱ ሰው ከነበቅሎው ይገፋል፣ ዳገቱ አለቀ ስትሉት ይጀምራል። እኔ ለሁላችሁም ሄጄላችኋለሁና እሳት ዳር ተቀምጣችሁ አንብቡት። ከሄድኩም ወዲህ እንደዚያ የሳቅሁበትና እንደዚያ የፈራሁበት ሁለት ሳምንት በዕድሜዬ አላየሁም።

ጊዜው ጣልያን በአገራችን ላይ የተቀመጠበት ነው። እኔ ሀብቴ፣ ጉለሌ ተወልጄ ጉለሌ ያደግሁ፣ በእናቴ መንዜ ነኝ እያልኩ የምፎክር ግን መንዝን በዓይኔ አይቼው የማላውቅ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ከጦርነቱ በፊት በተማርኩበት ትምህርት ቤት ውስጥ ሌዊ የሚባሉ አንድ ጀርመናዊ ሒሳብና ፈረንሳይኛ ያስተምሩን ነበር። ያን ጊዜ የውጭ አገር ሰው ሁሉ በፈረንጆቹ አጠራር «ሙሴ» ይባላል፤ «አቶ» እንደማለት ነው። ስለዚህ ሙሴ ሌዊ አልናቸው። ይህችን ቃል ያዙልኝ፣ ብዙ ጉድ ያፈላችው እሷ ናትና።

ሙሴ ሌዊ በአገራቸው የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ። የሚያስተምሩትም የወገናቸውን የአይሁድን ታሪክ፣ ሐሳባቸውን፣ ደግሞም ሰው ለምን እንደሚጠላቸው ነበር። አንድ ቀን ጠዋት አይሁድ ነህ ብለው ከዩኒቨርሲቲው አስወጧቸው። የጥላቻን ታሪክ ሲያስተምሩ በጥላቻ መባረራቸው ራሳቸውን ያስቃቸዋል። አዲስ አበባ መጥተው ሒሳብ ሲያስተምሩ ጦርነቱ መጣና ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። እኔ ግን እቤታቸው እየሄድኩ መማሬን ቀጠልኩ። ሁለት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ነበራቸው። «ይህ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እርስዎም ተማሪዎቹ ነዎት» ይሉኛል። አማርኛ የተማሩት ከደብዳቤ መጻፊያ መጽሐፍ ስለሆነ «አንተ» የሚባል ነገር ከአፋቸው አይወጣም።

ጣልያን በአይሁድ ላይ ሕግ ማውጣቱ በተሰማ በወሩ አንድ የሚያውቋቸው ሰው ስማቸው ከመርከብ ዝርዝር መግባቱን ነገራቸው። ወደ አገራቸው ሊመልሷቸው ነው። አገራቸው ማለት ደግሞ ወንድማቸው ገብቶ ያልወጣበት እስር ቤት ነው። ያለው መንገድ አንድ ነበር፤ በመንዝ አድርጎ መርሐቤቴ መውረድ፣ የጃማን ወንዝ መሻገር፣ ከዚያ በዓባይ ጎጃም፣ ከጎጃም ሱዳን እንግሊዞቹ ዘንድ። እኔ እስከ ጃማ ላደርሳቸው ተስማማሁ። ጀግና ስለሆንኩ አይደለም። አክስቴ መንዝ ናት፣ ደግሞም ትምህርቱ አላለቀም ነበር።

ችግሩ ሦስት ነው። ጣልያን ቢይዛቸው ይመልሳቸዋል። አርበኛ ቢያገኛቸው ጣልያን መስለውት ይተኩሳል። ሦስተኛው የእኛው ጉዳይ ነው፤ «እስራኤል» ብትል ሰዉ ዳዊቱን አስታውሶ ደስ ይለዋል፣ ለልጁም ስም ያወጣዋል። «አይሁድ» ብትል ግን ስቅለት ትዝ ይለውና ፊቱ ይጠቁራል፤ ጨካኝ ሲሰድብ የሚጠራው በዚያ ቃል ነው። ስለዚህ ዘዴ አወጣሁ።

«ማን ናቸው ቢሉኝ እስራኤላዊ ናቸው እላለሁ» አልኳቸው።

«ሁለቱ አንድ ናቸው እኮ፣ ሀብቴ።»

«እኔ አውቃለሁ። እነሱ አያውቁም።»

ሙሴ ሌዊ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ይህችን ነገር ለማስረዳት እኔ አንድ ዓመት ይፈጅብኝ ነበር» አሉ።

ማክሰኞ። እስከ ደብረ ብርሃን የሄድነው፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ በጣልያን ካሚዮን ነው። ሾፌሩ ሆዱ መሪውን የሚነካ፣ ሲዘፍን ሁለት እጁን የሚያነሳ ሰው ነበር። ሙሴ ሌዊን የአገሩ ልጅ አድርጎ ከፊት አስቀመጣቸው፤ እኔን ከዱቄቱ ጆንያ ላይ ጫነኝ። ጉለሌ ከቤታችን በር እስከ ወንዙ ድረስ በባሕር ዛፍ ጥላ ትሄዳለህ፤ ከከተማው ወጣ ስንል ግን ሰማዩና ሜዳው ብቻ ቀረ። መሐል መንገድ ላይ ጎማው ፈነዳ። ሙሴ ሌዊ እጅጌያቸውን ሰብስበው ከሾፌሩ ጋር ከሥር ገቡ። እኔ ከላይ ሆኜ ሳይ፣ አንደኛው የሚፈለጉት ሰው፣ ሌላኛው የፈላጊዎቹ ወገን፣ እግራቸው ብቻ ወጥቶ ይሳሳቃሉ። ጎማው ተቀየረ፤ ዳቦና አይብ ተካፈልን። ደብረ ብርሃን ስንወርድ ሾፌሩ ሙሴ ሌዊን አቅፎ በጆሯቸው አንድ ነገር ተናገረ።

«ምን አለዎት?» አልኩ ሲሄድ።

«ማን እንደሆንኩ ገብቶታል። ‹የሚስቴ እናት ከእናንተ ወገን ናት፣ በርታ› አለኝ» አሉ። ከመነጽራቸው ላይ አቧራ ይጠርጉ ነበር፤ ብዙ ጠረጉት።

ረቡዕ። የእናቴ ዘመድ ዳማ የተባለች በቅሎ አዋሰን። ዳማ መልካም በቅሎ ናት፣ ለመሄድ ካልጠየቋት። ሙሴ ሌዊ ፊቷ ቆመው ባርኔጣቸውን አነሱና «በቅሎ ሆይ፣ እባክዎ ይነሡ» አሏት። ዘመዴ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ጋጣ ገባ። እሷም በበኩሏ እንዲህ ያለ አክብሮት ስላልለመደች ይሆናል፣ ብድግ አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ በኔ «ሂጂ!» አንድ እርምጃ ተንቀሳቅሳ አታውቅም።

ፈረንሳይኛ ብንነጋገር ለሰሚው ጣልያንኛ ስለሚመስል በአማርኛ ብቻ ልንማር ተማማልን። የመጀመሪያው ትምህርት አይሁድ ከኢየሩሳሌም ከተበተኑ በኋላ ነበር። ባገር ባገሩ ሲኖሩ በብዙ ቦታ መሬት እንዳይዙ ተከለከሉ።

«ርስት የላቸውም?» አልኩ። ጾም ስለነበር ራሴ ዞሮብኛል፤ ይህ ግን ከረሃቡም አስደነገጠኝ። መንዝ ርስት የሌለው ሰው ሰው አይደለም።

«የላቸውም።»

«ታዲያ በምን ይኖራሉ?»

«በእጃቸው ሥራ፣ በንግድ፣ ሌላው ሰው በማይወደው ሥራ። ከዚያ ሌላው ሰው፣ ለምን ይህን ሥራ ትሠራላችሁ ብሎ ይጠላቸዋል።»

«ራሱ ከልክሎ?»

«ራሱ ከልክሎ።» ደብተራቸውን አውጥተው አቀበሉኝ። «ይጻፉ።» በቅሎ እየጎተትኩ፣ ነፋስ ወረቀቱን እየገለበጠብኝ ጻፍኩ። በአዲስ አበባ ያሉት ጓደኞቼ እንዲህ ያለ ዩኒቨርሲቲ መግባቴን ቢያዩ ምን ይሉ ይሆን እያልኩ ብቻዬን ፈገግ አልኩ።

ሐሙስ። የሙሴ ሌዊ የቀኝ ጫማ ተረከዝ ተነቅሎ ገደል ገባ። እንደ ዳክዬ ዘመም ዘመም እያሉ ግማሽ ቀን ሄዱ። ከመንደር ራቅ ብሎ፣ ከወንዝ አጠገብ፣ ወናፍ የሚነፋበት አንድ ቤት አየን። የቀጥቃጭ ቤት ነው። እኔ ቆምኩ።

«ለምን ቆሙ?»

«ቀጥቃጭ ነው። ቡዳ ይሆናል።»

«ቡዳ ምን ያደርጋል?»

«በዓይኑ ይበላል።»

«ሲበላ አይተዋል?»

«አላየሁም። ግን ሁሉም ያውቃል።»

ሙሴ ሌዊ ባንድ እግራቸው ቆመው ቀና አሉ፤ ጨረቃ ያገኙ መሰሉ። «ሁሉም ያውቃል! ሀብቴ፣ ይህችን ይጻፉ። እኔ ስድስት ወር የማስተምረው ይህችን ነበር።» ብለው እያነከሱ በቀጥታ ቤቱ ገቡ።

እኔ ውጪ ቀረሁ። ከውስጥ መዶሻ ይሰማል፣ ከዚያ ሳቅ፣ ከዚያ የሚጣፍጥ የወጥ ሽታ። ሆዴ ከእግሬ ቀድሞ ገባ ብል ይሻላል። ቀጥቃጩ አቶ ወርቁ የሚባሉ ቀጭን ሰው ናቸው፤ ለተረከዙ ብረት ቀጥቅጠው፣ ጠፍር ቆርጠው እየገጠሙ ነበር። ባለቤታቸው ዓይናቸውን መሬት ላይ እንደተከሉ ወጥ አቀረቡልኝ። ዓይናቸውን ቀና ያላደረጉት እንዳልፈራቸው ብለው መሆኑን ቆይቼ ነው ያወቅሁት። አፈርኩ፤ የቆረስኩትን እንጀራ መልሼ አስቀመጥኩት።

«እርስዎ ደግሞ የየት አገር ሰው ነዎት?» አሏቸው አቶ ወርቁ ተረከዙን እየመቱ።

«ሰው ከመንደር ራቅ አድርጎ የሚያስቀምጠው ወገን ነኝ» አሉ ሙሴ ሌዊ።

አቶ ወርቁ መዶሻቸውን አቆሙና አዩዋቸው። «እንግዲያው ጎረቤት ነን» ብለው መምታቱን ቀጠሉ።

ዓርብ። ከዘመሮ ወዲህ ያለው የአክስቴ የእትዬ በላይነሽ ቤት ደረስን። የድንጋይ ግድግዳው ክንድ ያህል ይወፍራል፤ ጣራው የጓሳ ሣር ነው፣ እንኳን ዝናብ ወሬም አያስገባም። እኛ ጉለሌ በቆርቆሮ ሥር ዝናብ ሲመጣ መጯጯህ ነው። እትዬ በላይነሽ ስመው ሳይጠግቡኝ ወደ እንግዳው ዞሩ።

«እኚህ ፈረንጅ ጣልያን ናቸው እንዴ?»

«ኧረ አይደሉም እትዬ! መምህሬ ናቸው።»

«ስማቸው ማነው?»

ከትምህርት ቤት ጀምሮ የለመድኩትን አልኩ። «ሙሴ።»

እትዬ በላይነሽ የያዙትን ወንፊት አስቀመጡ። «ሙሴ? የአባታቸውስ?»

«ሌዊ።»

መደቡ ላይ ቁጭ አሉ። «ሙሴ፣ ከሌዊ ነገድ። ከየት ነው የመጡ?»

አሁን ምን ይባላል? ዘዴዬ ራሷ በሩን ከፍታ ቆማለች። «ከእስራኤል ናቸው እትዬ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ልነግራችሁ ይከብደኛል። እትዬ በላይነሽ ጉልበት ሊስሙ ሲያጎነብሱ ሙሴ ሌዊ ደግሞ በመጽሐፋቸው እንደተማሩት እጅ ለመንሳት አጎነበሱና ግንባር ለግንባር ተጋጩ። ሁለቱም «ይቅር ይበሉኝ» ተባባሉ። ፀሐይ ሳትገባ ወሬው መንደሩን አዳረሰው።

ቅዳሜ። ሰንበት ስለሆነ አክስቴ መንገድ አትወጡም አሉ። መንዝ ቅዳሜም እሑድም አይፈጭም፣ አይታጨድም። ሙሴ ሌዊ በደስታ ሰከሩ። «እኔ ባገሬ ቅዳሜ ሥራ እሠራ ነበር፤ እናቴ ታለቅስብኝ ነበር። መንዝ መጥቼ በግድ ሰንበት አከበርኩ!» አሉኝ።

ሰዉ ከቅዳሴ መልስ መጣ። አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ «ለመሆኑ ባሕሩ ሲከፈል ዓሣዎቹ ወዴት ሄዱ?» ብለው ጠየቁ።

«ጌታዬ፣ እኔ ያ ሙሴ አይደለሁም። እሱ ሞቷል» አሉ ሙሴ ሌዊ።

«ትሕትናቸውን አያችሁልኝ?» አሉ ሽማግሌው ወደ ሰዉ ዞረው። ከዚህ ወዲያ ምንም ቢናገሩ ትሕትና ሆነ።

ሰዉ ሲበተን እትዬ በላይነሽ ወተት በትልቅ ዋንጫ እየሞሉ ስለ ጎረቤታቸው ያጫውቱን ጀመር። ጥጃቸው ማሳው ገብታበት ቀኑን ሙሉ ያለ ውሃ አስሮባቸዋል። «ያ አይሁድ! የአይሁድ ልብ ነው ያለው፣ እንኳን ለሰው ለጥጃ የማያዝን!» አሉና ዋንጫውን ለሙሴ ሌዊ አቀበሉ።

እኔ የቃምኩት ቆሎ ትን አለኝ። ሙሴ ሌዊ ዋንጫውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

«እትዬ፣ አይሁድ አይተው ያውቃሉ?»

«እመብርሃን ትጠብቀኝ! የት አግኝቼ!»

«ምን ይመስላል ይላሉ?»

«ጭራ አለው ሲሉ ነው የሰማሁት።»

ሙሴ ሌዊ ከመደቡ ብድግ ብለው፣ ፊታቸው ሳይስቅ፣ የተቀመጡበትን ዞረው ተመለከቱ። እትዬ በላይነሽ ምን እንደጠፋባቸው ጠየቁ። «ምንም አልጠፋብኝም፤ ሙሉ ነኝ» ብለው ተቀመጡ። እኔ በሳል ተከልዬ ወጣሁና የእህሉ ጎተራ ኋላ ሄጄ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

ተከትለውኝ መጡ። እሳቸው ግን አይስቁም ነበር።

«ሀብቴ፣ እኚህ ሴት እኔን ይወዱኛል። የሚጠሉት አይተውት የማያውቁትን ሰው ነው። እኔ ደግሞ ወተታቸውን ጠጥቼ ዝም አልኩ። ብነግራቸው ኖሮ ከዛሬ ጀምሮ አይቼዋለሁ ይሉ ነበር።»

«ያስወጡን ነበር!»

«ይሆናል። ግን አገሬ ሳለሁ ተማሪዎቼን፣ ዝም አትበሉ እል ነበር። ከእንግዲህ የሚጠይቀኝ ካለ እመልሳለሁ።»

«እስከ ጃማ ብቻ ይታገሡ! ስለ እግዚአብሔር!»

«አልምልልዎትም» አሉ። ደስታዬ ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። ይህ ሰውዬ በገዛ አፉ ሊሞት ነው፤ እኔም አብሬ።

ሰኞ። አክስቴ መሐል ሜዳ ከተማ የጣልያን ምሽግ ስላለ በጓሳው ዙሩ ብለው፣ ለሙሴ ሌዊ ጥቁር በርኖስ አልብሰው ሸኙን። ጓሳ ማለት፣ የአዲስ አበባ ሰው እንዲገባው፣ ጃንሜዳን መቶ ጊዜ ቀጣጥለህ ደመና ላይ ብታስቀምጠው ነው። ጅብራ የሚባል ሰው የሚያህል ተክል ጭጋጉ ውስጥ ተሰልፎ ቆሟል፤ ስንት ጊዜ አርበኛ መስሎኝ እጄን እንዳነሳሁ አልነግራችሁም። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ገደሉ አፋፍ ተቀምጠው ሣር እየነጩ ይበላሉ፤ ሙሴ ሌዊ ለእነሱም ባርኔጣ አነሱ።

ከሰዓት በኋላ በረዶ ዘነበ። የሙሴ ሌዊ ጫማ ውሃ ሞላ። ዳማን አቁመን አረፍ ስንል እኔ እሳት ለማንደድ ኩበት ፍለጋ ሄድኩ። ስመለስ ሙሴ ሌዊ በኪስ ቢላዋቸው አንድ እቅፍ የጓሳ ሣር አጭደው፣ ግማሹን ጫማቸው ውስጥ ጠቅጥቀው፣ በግማሹ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን እያወዛወዙ ነበር። «ሀብቴ፣ ይቀመጡ! ይህ ሣር ከጀርመን ፍራሽ ይበልጣል!»

ወዲያው ከጭጋጉ ጦር የያዙ ሦስት ሰዎች ወጡ።

ነፍሴ ወጣች። ፈረንጅ ተገኘ፣ አለቀልን አልኩ። ሰዎቹ ግን የሙሴ ሌዊን ፊት አላዩም። ሣሩን ነው ያዩት።

«ማን ፈቅዶልህ ነው?» ጮኸ አንደኛው። «ጓሳው ዝግ ነው!»

«ሰውየው ፈረንጅ መሆኑን አላየህም?» አለው ሌላው።

«ፈረንጅነቱን ኋላ አየዋለሁ፤ ሣሩን ተመልከት፣ ከሥሩ ነው የቆረጠው!»

ከጣልያን ደብቄያቸው፣ ከአርበኛ ደብቄያቸው፣ በሣር ተያዝን። ነገሩን ለማታውቁ ላስረዳ። ጓሳው የሁሉም ነው፣ ስለዚህ ማንም እንዳሻው አይነካውም። ለዓመታት ተዘግቶ ይቆያል፤ የሚያጭዱትም አገሩን ካቀኑት አባቶች የተወለዱት ብቻ ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ ሹሙ ተከፍቷል ባለበት ቀን። ጣራው የሚያፈስበት ሰው እንኳ ቀኑን እየቆጠረ ይጠብቃል። ጦርነት መጥቷል ብሎ ጓሳው አልተከፈተም።

ማክሰኞ። የጓሳው ሹም ባላምባራስ ተክሌ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ በድንጋይ ክብ ውስጥ ተቀመጡ። ነጭ ጢም፣ ትንንሽ ዓይን፣ ድምፃቸው የማይጨምር የማይቀንስ ሽማግሌ ናቸው። ሰው ተሰብስቧል። የታጨደው ሣር መሐል ተቀምጧል፤ ጫማ ውስጥ የነበረው ሳይቀር እየተለቀመ ወጥቷል።

ጠመንጃ ያነገተ አንድ ሰው ቀድሞ ተነሣ። «ባላምባራስ፣ ሰውየው ጣልያን ነው። ለአርበኞቹ ይሰጥና እነሱ ይጨርሱት።»

«ቆይ» አሉ ባላምባራስ። «በፍርዴ ላይ ነኝ።» ወደ ሙሴ ሌዊ ዞሩ። «ካቀኑት አባቶች የተወለድክ እንደሆነ አንድ ነገር ነው፣ ያልተወለድክ እንደሆነ ሌላ ነገር ነው። የማን ልጅ ነህ? ቁጠር።»

እኔ ልተረጉም ስል ሙሴ ሌዊ እጄን ያዙኝና በዚያ በደብዳቤ አማርኛቸው ቆጠሩ። አባታቸውን፣ የአባታቸውን አባት፣ እስከ ሰባት። «ከዚያ በላይ ያለው መዝገብ ከጸሎት ቤታችን ጋር ተቃጥሏል፤ ጎረቤቶቻችን አቃጠሉት። ከዚያ ወዲያ የማውቀው ከጥንት ያለውን ነው። ሌዊ የያዕቆብ ልጅ ነው፣ ያዕቆብ የይስሐቅ፣ ይስሐቅ የአብርሃም።»

ሰዉ አጉረመረመ። መንዝ ውስጥ እስከ አብርሃም የሚቆጥር ተከሳሽ ቀርቦ አያውቅም። ባላምባራስ ወደፊት ዘንበል አሉ። «እስራኤል ነሃ!»

«አዎ ጌታዬ! እስራኤል ናቸው!» አልኩ ከመቀመጫዬ ዘልዬ። ዳንን! በአብርሃም ዳንን!

«አይሁድ ነኝ» አሉ ሙሴ ሌዊ።

ዳማ እንኳ ማኘኳን አቆመች። የአንድ ቄስ እጅ ወደ መስቀላቸው ሄደ። ባለ ጠመንጃው ሰው፣ «ሰማችሁ? በገዛ አፉ!» አለ።

ባላምባራስ እኔን አዩኝ። «አንተ ልጅ፣ ሳምንት ሙሉ አብረኸው መጥተሃል። ፈረንጅ አማርኛ ሲናገር ቃል ይሳሳታል። ተሳስቶ ነው?»

እነሆ በሩ ተከፈተልኝ። ተሳስተዋል ማለት ብቻ ነው። ሰው ሁሉ እንዲህ ብዬ እንድመልስ የሚፈልግ መሰለኝ፣ ባላምባራስም ጭምር። አፌን ከፈትኩ። እትዬ በላይነሽ ወተት ሲቀዱ፣ የቀጥቃጩ ሚስት ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ወጥ ሲያቀርቡልኝ አየሁ። ፈርቻለሁ፣ በጣም ፈርቻለሁ።

«አልተሳሳቱም» አልኩ። «አይሁድ ናቸው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ በየሄድንበት እስራኤል ናቸው እያልኩ የደበቅኳቸው እኔ ነኝ። ሁለቱ አንድ ነው። ይህን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።»

ባላምባራስ ጢማቸውን አሹ፣ ሣሩን አዩ፣ ቄሱን አዩ፣ እንደገና ሣሩን አዩ።

«እኔ በሣር ላይ ነው የተሾምኩት» አሉ በመጨረሻ። «በሣር ላይ የምፈርደው እንዲህ ነው። ሰውየው ካቀኑት አባቶች አልተወለደም፣ አይገባውም። ቢወለድም ጓሳው ዝግ ነው፣ አይገባውም ነበር። የኛ ልጅ ይህን ያህል ቢያጭድ ሁለት ቀን ከጠባቂዎቹ ጋር ይጠብቃል። እሱም ሁለት ቀን ይጠብቅ።»

«ከዚያስ?» አለ ባለ ጠመንጃው።

«ከዚያማ ቅጣቱን የጨረሰ ሰው ነው። የጨረሰን ሰው ለማንም አልሰጥም፤ አሻጋሪ አስይዤ እሸኘዋለሁ።»

ሙሴ ሌዊ ባርኔጣቸውን አነሱ። «ባላምባራስ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለአይሁድነቴስ?»

«ለምንህ?»

«ለአይሁድነቴ ቅጣቱ ምንድን ነው?»

ባላምባራስ ግራ ገብቷቸው አዩዋቸው። «እሱን ከጓሳው ነው እንዴ ያጨድከው?»

ሰዉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ቄሱ ሳቁ፣ ባለ ጠመንጃው ሳይወድ ሳቀ። ሙሴ ሌዊም ሳቁ፣ ሲስቁ ሲስቁ እንባቸው መነጽራቸውን ሞላው፣ እኔን ትከሻዬን ይዘው እያወዛወዙ፣ «ሀብቴ! ሀብቴ! ባጠፋሁት ጥፋት ተፈረደብኝ! ከስንት ዓመት በኋላ፣ እኔ ራሴ ባጠፋሁት!» ይላሉ። እንደዚያ ደስ ብሎት የተቀጣ ሰው ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። እኔም አለቀስኩ፣ አላፍርም።

ረቡዕና ሐሙስ። ጠባቂነቱ ደግሞ ከሁሉ ያስቃችኋል። ሙሴ ሌዊ በርኖሳቸውን ለብሰው ዱላ ይዘው ጭጋጉ ውስጥ ሲንጎራደዱ ከጅብራው አይለዩም። ቅጣት መሆኑን ረስተው ሹመት አደረጉት። ሁለተኛው ቀን ላይ አንዲት መልካም በቅሎ ጓሳው ውስጥ ስትግጥ አገኙና «እመቤቴ፣ ዝግ ነው፣ ይውጡ» ብለው እየነዱ ባላምባራስ ዘንድ አመጧት። በቅሎዋ የባላምባራስ ናት። ባላምባራስ በሰው ፊት ቆመው በራሳቸው ላይ ፈረዱ፤ በማግስቱ እሳቸውም ሊጠብቁ ነው። ማታ ራታችን ላይ የበግ ጠቦት የመጣው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ጠባቂዎቹም ሌላ ዓመት ቢመጡ ቦታ አለዎት አሏቸው።

ዓርብ እና ቅዳሜ። ግሼ የሚባለውን አገር በስተ ቀኝ ትተን ወደ መርሐቤቴ ወረድን። መውረዱን እንዴት ልንገራችሁ? ጠዋት ጥርሳችን ሲንገጫገጭ፣ ከሰዓት በኋላ በርኖሱን ዳማ ላይ ጭነን በላብ ተጠመቅን። ሰኞ በረዶ፣ አሁን የሙዝ ቅጠል። ጉለሌ ክረምቱም በጋውም እዚያው አንተ ዘንድ ይመጣል፤ እዚህ ግን በእግርህ ወርደህ ትደርስበታለህ። የመጨረሻውን ትምህርት የተማርነው ሾላ ጥላ ሥር ነው። ስለ ተስፋ ነበር። ግማሹን ተኝቼ አሳለፍኩት፤ መምህሬም ተኙ።

እሑድ። ጃማ ደረስን። ውሃው ቡናማ፣ ሰፊ፣ ችኩል ነው። ባላምባራስ መልእክት የላኩላቸው አሻጋሪ አቶ ደጉ የሚባሉ፣ ጡንቻቸው እንደ ሥር የተጠማዘዘ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አቁማዳ እየነፉ ጠበቁን። ከዚህ ወዲያ እስከ ዓባይ የሚወስዷቸው እሳቸው ናቸው።

ሙሴ ሌዊን አቀፍኳቸው። እሳቸውም አቀፉኝ። ደብተሩን እኔ እጅ ተውት።

አቶ ደጉ የአቁማዳውን አፍ በጠፍር አሥረው ቀና አሉ። «ሰውየው ማን ናቸው?»

ትንፋሽ ሳልወስድ መለስኩ። «አይሁድ ናቸው። መምህሬ ናቸው።»

አቶ ደጉ ሙሴ ሌዊን ከራስ እስከ እግር ተመለከቷቸው። ከዚያ ውሃውን ተመለከቱ።

«ዋና ይችላሉ?»

«አይችሉም።»

«እንግዲያው ሱሪያቸውን ያውልቁና አቁማዳው ላይ በደረታቸው ይተኙ። አንተ በቅሎዋን ያዝ።»